የገና ዳኛው ጠፍር

የኔሰው መቀመጥ አይችልም። ቅዳሴ ላይ እንኳ መቋሚያውን ከአንዱ ብብት ወደ ሌላው ሲያዘዋውር ነው ሰዓቱ የሚያልቀው። ለቅሶ ቤት ገብቶ አምስት ደቂቃ ሳይሞላው ተነስቶ የድንኳኑን ገመድ ሲያጠብቅ ታገኙታላችሁ። ሚስቱ ብርቅዬ «እኔ ያገባሁት ሰው አይደለም፣ ንፋስ ነው» ትላለች፤ ግን እየሳቀች ነው የምትለው።

ሥራው አናጢነት ነው። በር ይሠራል፣ አልጋ ይሠራል፣ ላሊበላ ለሚመጣው እንግዳ ማረፊያ ወንበር ይሠራል፤ ራሱ የማይቀመጥበትን! ኅዳር ሲጋመስ ግን በሩም አልጋውም ይቆማል። ወይራ እየመረጠ፣ ትኩስ አመድ ውስጥ እየቀበረ፣ ጫፉን እየቆለመመ የገና ዱላ ይሠራል። የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ልጆች የሚጫወቱበት ዱላ ሁሉ ከእሱ እጅ የወጣ ነው። ዳኛቸውም እሱ ነው። ፊሽካዋ አንገቱ ላይ ከተንጠለጠለች ስድስት ዓመቷ።

ከዚያ በፊት ዳኛ የሚባል ነገር አልነበረም። አንድ ሜዳ፣ ሁለት ወገን፣ ከእንጨት የተጠረበች ሩር። ሩሯን በዱላው እየመታ የባላጋራውን ድንበር ያሳለፈ ግብ አገባ፣ በቃ። መከራው የሚመጣው ሩሯ እግር መሐል ስትቀረቀር ነው። ያን ጊዜ ከሁለቱም ወገን ልጁ ሁሉ እየተግተለተለ ይመጣና ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ ይገፋፋል፤ ከታች ዱላው ይርመሰመሳል። ይኼን ክምር ይሉታል። አንዱ ከተንሸራተተ የቀረው በሙሉ ላዩ ላይ ነው። የኔሰው የግራ ዓይኑን ያጣው በአሥራ ሰባት ዓመቱ ክምር ውስጥ ነው። ማን እንደመታው እስከ ዛሬ ትንፍሽ አላለም። በገና ሜዳ ስድቡም ምቱም ሜዳው ላይ ይቀራል፤ ቤት ይዞት የሚገባ ሰው ነውረኛ ነው።

እናም ዳኛ ሲሆን አንድ ደንብ አወጣ። ክምር ውስጥ ሰው ከወደቀ ፊሽካ ይነፋል፣ ሁሉም ዱላውን መሬት ያስነካል፣ ሩሯ መሐል ሜዳ ሄዳ እንደገና ትጀመራለች። ከዚያ ወዲህ አንድም ልጅ ክምር ውስጥ አልተሰበረም። አምና ብቻ አንድ ዱላ ከእጅ አምልጦ የተመልካች ትከሻ ላይ አረፈ። የኔሰው አሥር ቀን እንቅልፍ አጣ። ለዘንድሮ በእያንዳንዱ ዱላ ላይ የእጅ አንጓ የሚይዝ የቆዳ ጠፍር አሰረበት። ማምለጥ ቀረ!

ግን ልጅ ምን ይሳነዋል? ገፊው ወገን ወደ ድንበር ሲቃረብ፣ ተገፊው ወገን «ወደቅሁ!» እያለ መውደቅ ጀመረ። ፊሽካ ይነፋል፣ ሩሯ ወደ መሐል ትመለሳለች፣ የገፋው ልፋት ሁሉ ከንቱ። የታች ሰፈሩ አለቃ ንጋት አወዳደቁ ለብቻው ነው፤ እያየው ያደገ ሰው እንኳ ይደነግጥለታል። አምና በዚሁ የላይ ሰፈሩ አለቃ ደሳለ እንባው መጥቶ ነበር፣ ወንድሞቻቸውም ሊደባደቡ።

የዘንድሮ ገና ጠዋት፣ ከቅዳሴ በኋላ ቄስ ወልደ ሩፋኤል የኔሰውን ደጀ ሰላም አስጠሩት።

«ልጅ አይጎዳ ማለትህ ደግ ነው» አሉት። «ግን አጥብቆ የገፋው ልጅ ምን በደለ? ዛሬም በዚህ ከተጣሉ ፊሽካዋን እቀበልሃለሁ። እንደ ድሮው ያለ ዳኛ ይጫወታሉ።»

የኔሰው በአንድ እግሩ ቆመ፣ በሌላው ቆመ። ያለ ዳኛ! የቀኝ ዓይኑ ተርገበገበች።

«ዘዴ አለኝ፣ አባ» አለ። «በእውነት የሚወድቅ ሰው እጁ ይከፈታል፤ መሬቱን ለመያዝ ዱላውን ይለቃል። አውቆ የሚተኛው ግን ዱላውን እንዳቀፈ ነው። ፊሽካውን ለሁለቱም እነፋለሁ። አቅፎ ከተኛ ግን ሩሯን እዚያው ለገፊው እሰጠዋለሁ።»

«ይኼስ ሸጋ ነው» አሉ ቄሱ።

ሸጋ ነበር፣ ግን ደጀ ሰላም በር ላይ ስንት የልጅ ጆሮ ተለጥፎ እንደነበር ማን አየ?

ከሰዓት ጨዋታው ተጀመረ። የኔሰው ከሩሯ በላይ ይሮጣል። አንድ ለአንድ ሆኑ። ንጋት ክምር ውስጥ አንዴ ወደቀ፤ ዱላው ሁለት ክንድ ርቆ ተንከባለለ። ፊሽካ፣ ወደ መሐል። ደግሞ ወደቀ፤ ዱላው አሁንም ወዲያ። ፊሽካ፣ ወደ መሐል።

«ጋሽ የኔሰው!» ብለው ጮሁ የላይ ሰፈሮች። «ያቺን የቀረችዎትን ዓይን ዛሬ ለማን አውሰዋት መጡ?»

«ለእናታችሁ፣ ጥጥ እንድትለቅምባት!» አለ እየሮጠ፣ እየሳቀ። ልቡ ግን አልሳቀም።

ጨዋታው የሚያበቃው ጥላው አሸተን ማርያም ተራራ ጫፍ ላይ ሲደርስ ነው። ጫፉ ላይ የቀረችው ፀሐይ የመሀረብ ስፋት ስታክል የላይ ሰፈር ክምሩን እየገፋ እስከ ታች ሰፈር ድንበር አደረሰው። ንጋት ጮኾ ወደቀ። የኔሰው ነፋ፤ ዱላው ሁሉ መሬት ነካ። ጎንበስ ብሎ በልጆቹ እግሮች መሐል አየ። ንጋት ዱላውን ደረቱ ላይ ይዟል!

«አቅፎታል! ሩሯ ለላይ ሰፈር!»

ደሳለ አንዴ መታት፣ ድንበሩን ዘለለች። ፀሐይዋም ሄደች። ላይ ሰፈር በጭፈራ ሜዳውን አናወጠው።

ንጋት ግን አልተነሳም።

«ተነስ እንግዲህ፣ ተያዝክ» አለው የኔሰው።

«ጋሼ፣ እጄን!»

ጠፍሩ አንጓው ላይ ተጠምዝዞ ሥጋው ውስጥ ሰጥሟል፤ ክንዱ አብጧል።

«ታዲያ ዱላውን አትለቀውም ነበር?»

«በምን ልልቀቀው! ያሰሩኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

የኔሰው በጉልበቱ ተንበርክኮ ጠፍሩን በቢላዋ በጠሰ። ድንገት አንድ ነገር ትዝ አለው።

«ቅድም ሁለቴ ስትወድቅሳ? እንዴት ለቀቅኸው?»

ንጋት መሬት መሬት አየ። «ያኔማ ጠፍሩን አስቀድሜ ከእጄ አውጥቼው ነበር። ሊወድቅ ያሰበ ያወጣዋል፣ ጋሼ። ይኼኛውን አላሰብኩትም።»

ሜዳው ዞረበት። ለውሸቱ አዝኖ፣ እውነቱን ቀጣው! ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም፤ ላይ ሰፈር ደስ ብሎት ይገባል፣ ፊሽካዋም አንገቱ ላይ ትከርማለች። ከተመልካቹ መሐል ቄሱን አየ፣ ያበጠውን ክንድ አየ። ከዚያ ትንፋሹ እስኪያልቅ ነፋ።

«ግቡ አይቆጠርም! ልጁ የወደቀው እውነቱን ነው። ያጠፋሁት እኔ ነኝ!»

ጭፈራው ተቋረጠ። ደሳለ ፊቱ ቀላ። «አምናም እኛ፣ ዘንድሮም እኛ?» አለና ዱላውን በሙሉ ኃይሉ ወረወረው። ዱላው ግን በጠፍሩ ተይዞ ተመለሰና የራሱን ቅልጥም አገኘው። «ወየው!» ብሎ በአንድ እግሩ ሲዘል መጀመሪያ የሳቀው፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ ንጋት ነው፤ እያለቀሰ ሳቀ። ከዚያ ደሳለ፣ ከዚያ ሜዳው። ወዲያው ሁለቱም ሰፈር ባንድ ድምፅ አወጡት፦

«እጃችንን በጠፍር ጠፍንጎ አስሮ፣
ዱላ ልቀቁ አለን የኔሰው ዘንድሮ!»

ቄስ ወልደ ሩፋኤል ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፍነው እጃቸውን ዘረጉ። የኔሰው ፊሽካዋን ከአንገቱ አውጥቶ ሰጠ።

«እስከ ጥምቀት ጨዋታ እኔ ዘንድ ትቆይ» አሉ። «ሲወነጨፍ የሚይዝ፣ ሲወድቁ የሚለቅ ጠፍር ካመጣህ ትወስዳታለህ። ካላመጣህ እንደ ድሮው ነው።»

ወጌሻው የንጋትን ክንድ ዳብሶ ወለምታ ነው፣ አልተሰበረም አለ። የኔሰው ይኼን ሰምቶም አላረፈ። በማግስቱ ጠፍሩን መሐሉ ላይ ቆርጦ ብርቅዬ በፈተለችው የጥጥ ክር ሰፋው። በሁለት ክር ሲሰፋው ዱላው ሲወነጨፍ በረረና የጎረቤት ዶሮ አስደነገጠ። በአራት ክር ሲሰፋው እሱ ራሱ ግቢው ውስጥ ዘጭ ብሎ ወደቀ፤ ጠፍሩ ንቅንቅ አላለም። ተነስቶ ደገመ። ጎረቤት በአጥር ላይ አንገቱን አስግጎ ያያል።

«ለቀቀ?» ይላል ተጋድሞ።

«አንተ ለቀቅህ እንጂ እሱስ አለ» ትለዋለች ብርቅዬ።

ሦስት ክር አደረገው። ዱላውን በራሱ ላይ ሰባት ጊዜ አሽከረከረው፤ ያዘ። ከዚያ በጎኑ ተወረወረ። ጧ! ክሩ ተበጠሰና ዱላው ተንከባልሎ ብርቅዬ እግር ሥር ሄዶ ቆመ።

የኔሰው መሬት ላይ እንደተዘረጋ የተበጠሰውን ክር አገላብጦ አየ።

«ምነው፣ ተጎዳህ እንዴ?» ብላ ጠጋ ስትል ብድግ አለ። ዱላውን አነሳ፣ የተበጠሰውን ጠፍር በጥርሱ ያዘ፣ አቧራውን እንኳ ሳያራግፍ ወደ ቄሱ ቤት የሚወስደውን ዳገት በሩጫ ተያያዘው።