ያልቀዘቀዘው ብረት

ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ሻጋታ ይላታል። ስሙን ያወጡላት የብረት ማቅለጫው ሠራተኞች ናቸው፤ የቀለጠ ብረት የሚፈስበትን የአሸዋ ቅርጽ ሻጋታ ይሉታል፤ ገና ከኮረዳነቷ ጀምሮ እርጥብ አሸዋ ጠቅጥቃ የምታወጣው ቅርጽ ምላጭ የላሰው ይመስል ነበር። ማቅለጫውን የከፈተው ወንድ አያቷ ነው፤ ከእሱ ወደ አባቷ፣ ከአባቷ ወደ ታላቅ ወንድሟ ዞረ። ጭሱ የመንገዱን ጣሪያ ሁሉ ስላጠቆረ፣ ጎረቤት ነጭ ልብስ የሚያሰጣው ምድጃው በማይነድበት ቀን ብቻ ነበር።

ግቢው ውስጥ፣ ከግንቡ ሥር፣ አንድ ትልቅ ድፍን ብረት ተቀምጧል። እሷ ከመወለዷ በፊት የአባቷ ታናሽ ወንድም የረገጠው ሳንቃ ተሰብሮበት የቀለጠ ብረት ጉድጓድ ውስጥ ወደቀ። የሚገነዝ ነገር አልተረፈም። ብረቱ በጉድጓዱ እንዳለ ሲረጋ፣ ሠራተኞቹ እንደ ሬሳ ይቀበር አሉ። አያትየው ግን ልጄን ከዓይኔ አላርቅም ብሎ በሰንሰለት አስጎትቶ አወጣው፤ ስሙን የሚያነሳብኝም ከቤቴ ይውጣ ብሎ ማለ። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓመት ያን ስም በዚያ ቤት የጠራ አልነበረም።

ብረቱ አይቀዘቅዝም ነበር። አያቃጥልም፤ የተኛ ሰው ብብት ያህል ይሞቃል እንጂ። ጤዛ አያርፍበትም። ድመቶች ብርዱን እላዩ ላይ ተጠቅልለው ያሳልፋሉ። የቤቱ ሰው ፀሐይ መትቶት ነው ይላል፤ ያ ግንብ ግን ፀሐይ አይቶ አያውቅም። ከሰዓት በኋላ ሴት አያቷ ወጥታ አጠገቡ ትቀመጥና ጎንበስ ብላ ታንሾካሹክ ነበር። ሰው ሲቀርባት ዝም ትላለች።

አያቶቿም አባቷም አልፈው ቤቱ ወንድሟ እጅ ሲገባ የሚቀልጥ ቁርጥራጭ ብረት ጠፋ። የከተማው ልብስ ሰፊዎችና ሌሎች ደንበኞች የከሰል ካውያ አዝዘው ይጠብቃሉ። እትዬ ሻጋታ እንደ ልማዷ ሻጋታዎቹን አሰናዳች፣ ብረቱም ተቀዳ። ሌላ ጊዜ የቀለጠ ብረት ሲፈስ ይተፋል፣ ይንጫጫል። ያን ቀን እንደ ዘይት ኮሽ ሳይል ገባ። ቀጂው ግንባሩን ጠርጎ፣ "ዛሬስ ብረቱ ትንፋሹን ውጧል" አለ።

እጇን ልትታጠብ ወደ ግቢው ስትወጣ የግንቡ ሥር ባዶ ነው። ድመቶቹ ባዶውን ቦታ ከበው ቆመዋል።

ወንድሟን ጠየቀችው። ቀና ብሎ ሳያያት ብረት ብረት ነው አላት።

"አጎታችን ነው" አለችው።

"አጎታችን ሞቷል። ሠራተኞቹ ግን በሕይወት አሉ፤ ሥራ ይፈልጋሉ።"

ካውያዎቹ ለየደንበኛው ሄዱ።

ብዙም ሳይቆይ አንዱ ልብስ ሰፊ እየሳቀ መጣ። ከሰል የማይበላ ካውያ ሰጣችሁኝ፣ ከሰል ሻጯ ደንበኛዬ ልትረግመኝ ነው አለ። ሌላ ቀን ሲመለስ ግን አልሳቀም። መደርደሪያ ላይ ያስቀመጠው ካውያ፣ ጠዋት ሱቁን ሲከፍት በሩ ሥር ወርዶ ያገኘዋል፤ አፍንጫው ወደ ማቅለጫው ዞሮ። ከእሱ በኋላ አንዲት እናት መጣች፤ የልጇን ሸሚዝ ስትተኩስ የጎልማሳ ላብ ሸተታት። ሌሎቹም በየተራ መጡ፤ ሁሉም የሚናገሩት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር።

እትዬ ሻጋታ አዳዲስ ካውያ ተሸክማ ቤት ለቤት ዞረች። አንዱን ሰጥታ አንዱን እየተቀበለች፣ ወስዳ ከአያቶቿ መቃብር ጎን ቀበረቻቸው። እያንዳንዱ አፈር ሲነካ እጇ ላይ ይቀዘቅዛል። እፎይ አለች፤ ነገሩ ያለቀ መሰላት።

የቀረው ልብስ አጥባ የምታድር አንዲት መበለት ቤት ነበር። መበለቲቱ ካውያውን ከክፍሏ መሀል ድንጋይ ላይ አስቀምጣዋለች፤ ጠረጴዛውን አክስሎባታል። እትዬ ሻጋታን ገና ከደጃፉ ሙቀቱ ፊቷን መታት።

"ሌሎቹን እየቀበርሽ ነው አይደል የኔ ልጅ?" አለቻት መበለቲቱ። "አውቄያለሁ። አንድ በቀበርሽ ቁጥር ይሄ ይግላል። ያለ የሌለው እሱ ውስጥ ተሰብስቧል።"

"ምን ይሻላል እናቴ?"

"የምትቀብሪው ሰው ከሆነ ስም አለው። ማን ይባላል?"

እትዬ ሻጋታ ስሙን ታውቀዋለች። አባቷ ሲያጣጥር፣ ልጆቹን ሁሉ ትቶ የጠራው እሱን ነበር። በገዛ አፏ ግን አውጥታው አታውቅም፤ አያቷ ከመቃብር ተነስቶ ከቤት የሚያስወጣት መሰላት። እንዲያም ሆኖ ተንበርክካ ጠራችው።

ብረቱ ጠቅ አለ።

"ድገሚው" አለቻት መበለቲቱ። "ደንግጦ ይሆናል።"

ደገመችው። እየጠራችው፣ ብረቱም ጠቅ ጠቅ እያለ፣ መበለቲቱም አብራ እየጠራችው ቆዩ። በመጨረሻ እትዬ ሻጋታ እጇን ዘረጋች። እንደ ማንኛውም ብረት ቀዝቃዛ ነበር። በፎጣ ጠቅልላ እንደ ሕፃን ታቅፋ ወሰደችው።

ከመቃብሩ ጎን ቀብራው አፈሩን ስትመልስ ወንድሟን ከኋላዋ ቆሞ አገኘችው። እዚያ እንደምትቀብር አልነገረችውም ነበር። ያን ብረት ካቀለጠ ወዲህ መዳፉ እየጋለ እንቅልፍ እንዳጣ፣ ዛሬ ግን ድንገት እንደተወው ነገራት፤ መቼ እንደተወው አልጠየቀችውም። ተንበርክኮ እጁን አፈሩ ላይ ጫነ።

የማቅለጫው የመጨረሻ ሥራ የመቃብሩ ሰሌዳ ሆነ። ፊደሎቹን አሸዋ ላይ ያወጣችው እሷ ናት፤ ብረቱን የቀዳው ወንድሟ ነው። አንዱ ፊደል ሳይሞላ ጎድሎ ቢወጣ፣ ወንድሟ እንደገና እናቅልጠው አለ።

"ተወው" አለችው። "ዳግም አይቀልጥም።"

ዛሬ ማቅለጫውን ፍራሽ ነጋዴ ተከራይቶታል። እትዬ ሻጋታ ጓሮው ክፍል ውስጥ ትኖራለች፤ ወንድሟም እየመጣ ይጠይቃታል። ሲያወሩ አጎታቸውን በስሙ ያነሱታል፤ ቀልደኛ ነበር፣ ጫማው አይበረክትለትም ነበር፣ ሲራመድ ያፏጭ ነበር እያሉ። እሷ አላየችውም፤ ወንድሟም ያኔ የሚድኽ ሕፃን ነበር። ከሚሉት ውስጥ አብዛኛው ራሳቸው የፈጠሩት ነው፤ አንዳቸው ሲፈጥር ግን ሌላው አያርመውም።