በግራር ልጥ ክር ያቀልሙ የነበሩት እትዬ ዘውዴ

በአዳማና በአካባቢዋ ለምትኖሩ፣ እትዬ ዘውዴን ለምታውቁ ሁሉ፤ በግራር ልጥ ክር እያቀለሙ የኖሩት ወዳጃችን ባለፈው ቅዳሜ ማለዳ ጥቂት ታመው አርፈዋል። እሑድ ቀበርናቸው። የእድራችን ሰዎች ስለ እርሳቸው ጻፊ ያሉኝ ሙያውን አብሬያቸው ስለተማርኩ ነው። እንደምቀናባቸው ቢያውቁ ኖሮ ሌላ ሰው ይፈልጉ ነበር።

ያስተማሩን አዳሚ ቱሉ አጠገብ ይኖሩ የነበሩ አዴ ቦንቱ የሚባሉ እናት ናቸው። እትዬ ዘውዴ ባላቸው በሞቱባቸው ሰሞን፣ እኔ ደግሞ አዲስ ሙሽራ ሳለሁ፣ በአንድ ሚኒባስ እየተሳፈርን እንሄድ ነበር። አዴ ቦንቱ ከሁለታችንም የደበቁት ነገር አልነበረም። ልጡ በሸክላ ድስት ይቀቀላል፤ ክሩ ሲነከርበት ቀይ ዳማ ይሆናል፤ የዛገ ምስማር ከተጨመረበት ይጠቁራል። ይኸው ነው። ግን የእትዬ ዘውዴ ክር ሞቅ ብሎ ሲደምቅ የእኔው የታጠበ ጆንያ ይመስላል። «ፀሐይ ላይ ቶሎ አታውጪው» ይሉኛል። አላወጣሁትም፤ ያው ጆንያ ነው። ምሥጢር ቢደብቁኝ ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

ልጡን የሚያነሱት ከቅርንጫፍ፣ ያውም ከአንድ ወገን ብቻ ነበር። «ዙሪያውን የላጠ ሰው ለልጁ ዛፍ አያወርስም» ይላሉ። ድዱ የቆሰለ ሰው ሲመጣ ልጡን አፍልተው፣ አቀዝቅዘው፣ እንዲጉመጠመጥበት በነጻ ይሰጡታል። ሆዱን የታመመ ሕፃን ይዛ ለመጣች እናት ግን «ልጡ አፍ ያጥባል እንጂ ሐኪም አይሆንም» ብለው ራሳቸው በባጃጅ ጤና ጣቢያ ያደርሷታል። ስንቱ ሰው እኔ በር ላይ ቆሞ «የእትዬ ዘውዴ ቤት የቱ ነው?» ብሎኛል! አሳይቻለሁ፤ በጣቴ ሳይሆን በአገጬ።

ልጄ ስታገባ ግን ባሰብኝ። የሠርግ ቀሚሷን የጥለት ክር ለእኔ ሳትነግረኝ እርሳቸው ዘንድ ወስዳ አስቀለመች። የነገረኝ ሸማኔው ነው፤ አፉ አምልጦት። ነጠላዬን በቅጡ ሳላጣፋ ሄድኩባቸው። ጓሮ ክር እያሰጡ ነበር።

«የልጄን ክር ሲቀበሉ ትንሽ አይከብድዎትም?» አልኳቸው።

«ከብዶኛል» አሉ፣ እጃቸውን በመቀነታቸው እየጠረጉ። «መልሻት ነበር። አልቅሳ ተመልሳ መጣች።»

«እኔ እናቷ እያለሁ!»

«እኮ! እናቷማ አንቺ ነሽ። እኔ ክር አቀለምኩ፤ በሠርጓ ቀን ጉልበትሽን ስማ የምትመርቂያት አንቺ ነሽ። እኔ ማን አለኝ? ልጅቷን እጇን ይዘሽ በደጄ ስታልፊ ፊቴን አዞር ነበር። ቅናት ያንቺ ብቻ መሰለሽ?»

እንዳልወጣ አፈርኩ፤ እንዳልቀመጥ ተናድጃለሁ። በመጨረሻ የቀረውን ክር አብሬያቸው አሰጣሁ።

ሠርጉ ደረሰ። ልጄ አማረባት፤ ሰው ሁሉ ጥለቱን ያያል። «ቀለሙን ማን ሠራው?» ብለው ሲጠይቁኝ የእርሳቸውን ስም ጠራሁ። እንደዚያ ቀን ከአፌ ለመውጣት የከበደኝ ስም የለም።

በቀብራቸው ዕለት ልጄ ደረቷን እየደቃች አለቀሰች። ከጎኗ ቆሜ፣ ለእኔስ እንዲህ ታለቅስልኝ ይሆን? አልኩ በሆዴ።

እትዬ ዘውዴ፣ አፈሩ ይቅለልዎ። አዴ ቦንቱን ካገኟቸው ሰላም ይበሉልኝ። ከተቀበሩ ወዲህ ሰው ክሩን ይዞ የሚመጣው ወደ እኔ ነው። ይህን ቀን ስንት ዘመን ተመኝቼዋለሁ! ደረሰልኝ፤ የምቀናበት ሰው ግን አጣሁ። ደህና ይሁኑ።