የግራሶ ማጠቢያው ትነት ጉድጓድ ውስጥ ያዘኝ

ዛሬ ቀትር ላይ፣ መኪና ከሥር የምንሠራበት የጋራዣችን ጉድጓድ ውስጥ ተጋድሜ እግሬ አልታዘዝ አለኝ።

የድሬን ሙቀት ታውቁታላችሁ፤ ከጉድጓዱ የሚቀዘቅዝ ቦታ የለም። አፉ ላይ ክሎሪን ያለበትን የግራሶ ማጠቢያ በሳፋ ትቼ ነበር። ጣፋጭ ይሸታል፣ እሳትም ቶሎ አይዘውም ብዬ ንቄዋለሁ።

ለካ ትነቱ ከአየር ይከብዳል! ወርዶ እኔ ላይ ተኛ። መሰላሉ እያየሁት ራቀኝ።

«አብዲ፣ አውጣኝ!» ስል ምላሴ ተሳሰረ።

ሾፌሩ አብዲ ከላይ ሆኖ ሳቀ። «አቦ፣ ሐጂ ዛሬ መርቅነዋል!»

ሐጅ ከሄድኩ ወዲህ ጫት በአፌ አልዞረም!

ሳስታውክ ሲያይ ነው ደንግጦ ገመድ ወርውሮ የጎተተኝ።

ፊደል ባልቆጥርም ሞተር በድምፁ አውቃለሁ። ይሄን ግን አላወቅኩም።

እናንተስ እንዲህ የያዛችሁ አለ? ጻፉልኝ፣ ይሄን የጻፈችልኝ ልጄ ታነብልኛለች። አብዲ ብቻ እንዳይጽፍ።