ጀሪካን የተሸከመው ሰው

ድሮ በሚሠራበት ትልቅ ድርጅት «ማር ምላስ» ይሉት ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ኮምፒውተር ሲሸጥ አንድም ቀን በር ተዘግቶበት አያውቅም። በሩን የሚከፍተው ምላሱ ሳይሆን የድርጅቱ ስም እንደነበር የገባው ግን ስሙን ካጣ በኋላ ነው። ሠራተኛ ሲቀነስ እሱም ተቀነሰ፤ ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ ለመድኃኒት ቤቶች የዕቃ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም የምትሠራ አንዲት ትንሽ ድርጅት በሽያጭ ኃላፊነት ተቀበለችው።

ትንሽ ሲባል እንዲያው ለወጉ አይደለም። አምስት ሰው፣ አንድ ክፍል፣ አንድ ረጅም ጠረጴዛ። ከታች መስታወት ቆራጭ አለ፤ ሲርሲርታው ቀኑን ሙሉ ጆሮ ይበላል። ሊፍት የለም። ውሃም ሦስተኛ ፎቅ መውጣት ካቃተው ከርሟል፤ ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ከግቢው ቧንቧ በጀሪካን ይቀዳል። ማን ይቅዳ ተብሎ ተራ አልወጣም፤ ቀድሞ የገባ ይቀዳል። ቀድመው የሚገቡት ደግሞ ሁልጊዜ የድርጅቱ ባለቤት ናቸው፤ ሁሉም «ጋሼ» የሚሏቸው፣ ሳል የማይለያቸው ሽበታም ሰው።

ማር ምላስ ይህን ሁሉ ለሚስቱ አልነገራትም። «ቢሮው እንዴት ነው?» ስትለው «ፀጥ ያለ ነው» ይላታል። በየመድኃኒት ቤቱ ሲዞርም የአዲሱን ድርጅት ስም ደፍሮ አይጠራውም፤ ቶሎ ብሎ ይውጠዋል፤ ሰዎቹም «ማን አልከኝ?» ይሉታል። ያኔ እናቱ ልብስ ስታሰጣ የምታንጎራጉራት ግጥም ሳይጠራት ትመጣበታለች፦

ማለዳ ጥላዬን አይቼ ስኮራ፣
ቀትር ላይ ከእግሬ ሥር አጣሁት ስጣራ።

ሦስት ሳምንት እንዲህ ባክኖ፣ በአራተኛው አንዲት ደንበኛ አገኘ። አራት መድኃኒት ቤት ያላቸው፣ መነጽራቸውን በሰንሰለት አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ወይዘሮ ናቸው። ስለ ፕሮግራሙ ሲነግራቸው ወደዱት፤ ቢሮውን ካላየሁ ግን አይሆንም አሉ። ሆቴል ቤት እንገናኝ ቢላቸው፣ መንገዱ አይመችም ቢላቸው፣ ወይ ፍንክች። «እኔ ልጄ፣ ማጀቱን ሳላይ በሳሎኑ አልታለልም» አሉና ሳቁበት።

ሰኞ ጠዋት ወይዘሮዋን ይዞ ደረጃውን ሲወጣ፣ መታጠፊያው ላይ ጋሼን ደረሱባቸው። ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቅልለው፣ ጀሪካኑን ትከሻቸው ላይ አድርገው፣ እያሳሉ ይወጣሉ። ውሃው ጀርባቸውን አርሶታል። ወይዘሮዋ የሚንጠባጠበውን ውሃ ሸሽተው ግድግዳውን ተጠጉና፣

«ይሄኛው ደግሞ ማነው?» አሉ።

ለመልሱ የአንድ ትንፋሽ ያህል ጊዜ እንኳ አልፈጀበትም። «ተላላኪያችን ነው» አለ።

ጋሼ ዞር አሉ። ዓይን ለዓይን ተያዩ። ደረጃው ተከፍቶ ቢውጠው በወደደ ነበር። እሳቸው ግን አንገታቸውን ደፍተው፣ «ሲወጡ ይጠንቀቁ እሜቴ፤ አራተኛው ደረጃ ይነቃነቃል» ብቻ አሉ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ እንደ ክፉ ሕልም አለፈ። ፕሮግራሙን የምትጽፈው ልጅ ጋሼን ልትጣራ አፏን ስትከፍት በዓይኑ ገሠጻት። ጋሼ ጀሪካኑን ጥግ አስቀምጠው፣ እጃቸውን ጠርገው፣ ሻይ አቀረቡ። ወይዘሮዋ «አንተ፣ ስኳር አታብዛብኝ» አሏቸው፤ «እሺ» አሉ። ልጅቷ አንገቷን ሰብራ ኮምፒውተሯ ላይ አፈጠጠች። ትንሽ ቆይቶ ወይዘሮዋ ሳሉን ሰምተው ከቦርሳቸው የሳል ከረሜላ አወጡና፣ ይቺን ምጠጥ፣ ሲጋራም ካለ ተው ብለው መከሯቸው። ጋሼ በሁለት እጃቸው ተቀበሉ።

ልጅቷ ፕሮግራሙን አሳየቻቸው፤ አይተው ረኩ። ሊሄዱ ሲነሱ የድርጅቱ ባለቤት የት እንዳሉ ጠየቁ።

«ዛሬ የሉም» አለ ማር ምላስ፣ ባለቤቱ ብርጭቆ ሲያነሱ እያያቸው።

ወይዘሮዋ እጁን ካልጨበጡት ሰው ጋር ውል እንደማይገቡ፣ ስለዚህ ሐሙስ መጥተው ከባለቤቱ ጋር እንደሚፈራረሙ ነግረውት ወረዱ።

ማር ምላስ ይቅርታ ሊል ጋሼ አጠገብ ቆመ። ጋሼ ከረሜላዋን ፈተው አፋቸው ውስጥ ከተቱ። ቀስ ብለው መጠጧትና፣ ሳይቆጡ፣

«ሐሙስ ማን ልሁን?» አሉት።

ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። ስድብ አድሮ ይለቃል፤ ይህቺ ግን አጥንቱ ውስጥ ገባች።

ቤቱ ሲገባ ሚስቱ እንደ ልማዷ ስለ ቢሮው ጠየቀችው። «ውሃ የለውም» አላት፤ ከዚያ ጀምሮ እስከ ከረሜላዋ ድረስ ዘረገፈላት። ሰምታው ሰምታው፣ «እና ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? ለሴትየዋ አትነግራትም?» አለችው።

በማግስቱ የወይዘሮዋ መድኃኒት ቤት ሄዶ እንደ ማንኛውም ሕመምተኛ ተሰለፈ። ተራው ሲደርስ ወይዘሮዋ ቀና ሳይሉ ማዘዣውን እንዲሰጣቸው እጃቸውን ዘረጉ።

«ያ ተላላኪ ያልኩዎት ሰው» አለ፣ «የድርጅቱ ባለቤት ናቸው።»

ከኋላው የተሰለፉት አንገታቸውን አሰገጉ። ወይዘሮዋ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ታላቄ የሆኑትን ሰው አንተ አስባልከኝ?» አሉ። «ውሃ ስለተሸከሙ ነው ያፈርክባቸው?»

«አዎ» አለ። ማር የሚሉት ምላስ ከዚህ ሌላ ጠብ የሚል አልነበረውም።

«ሐሙስ እመጣለሁ። ልፈርም ይሁን ይቅርታ ልጠይቅ ገና አላወቅኩም» አሉና ቀጣዩን ሰው ጠሩ።

ሐሙስ ማር ምላስ ለመጀመሪያ ጊዜ ከጋሼ ቀድሞ ደረሰ። ኮቱን ወንበር ላይ ሰቅሎ፣ ሱሪውን ጠቅልሎ፣ ቧንቧው ሥር ቆመ። ውሃው ቀጥኖ ነበር፤ ጀሪካኑ እስኪሞላ ጋሼም ሰላምታ ሰጥተውት በአጠገቡ አልፈው ወጡ። ትከሻው ላይ አድርጎ መውጣት ሲጀምር ጋሼ በየቀኑ የሚወጡት ደረጃ ስንት እንደሆነ ያን ቀን ቆጠረ። መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ከላይ የወይዘሮዋ ድምፅ ተሰማው፤ ከቀጠሯቸው ቀድመው መጥተው፣ እሱ ጀሪካኑ ላይ ጎንበስ እንዳለ ሳያያቸው አልፈው ወጥተዋል። ተመልሶ ወርዶ ሱሪውን ሊያወርድ ዳዳው። አራተኛው ደረጃ ከእግሩ ሥር ተነቃነቀ። ወጣ።

በሩ ላይ ሲደርስ ወይዘሮዋ ከእግር እስከ ራሱ አዩት። ብዕር ይዘዋል፤ ውሉ ላይ ግን ገና አልፈረሙም።

«ይሄኛውስ ማነው?» አሉ።

ጋሼ ከወንበራቸው ብድግ አሉ፤ ለእሱ።

«የሽያጭ ኃላፊያችን ናቸው» አሉ።

ወይዘሮዋ ጎንበስ ብለው ፈረሙ። እሱ ጀሪካኑን የት እንደሚያስቀምጥ ጠፍቶበት፣ ውሃው በአንገቱ እየወረደ፣ ቀና ብሎ ማንንም ማየት አቅቶት፣ እዚያው በሩ ላይ ቆሞ ቀረ።