የቆመው ቆጣሪ

ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ቀን፣ አንድ ሱቅ ውስጥ አባቴ፣ እናቴ፣ እኔና አሮጌ ዕቃ የሚገዛው ነጋዴ ነበርን። ዛሬ ሮማናት አደባባይ አጠገብ አንድ ወጣት ለሽያጭ ያቀረበውን የስፖርት ሰዓት አንሥቶ፣ «አቦይ፣ ረጅሙ የሰከንድ ቆጣሪ ቆሟል፤ ቀንሼ ልስጥዎ» ሲለኝ ያ ቀን ትዝ አለኝ።

አባቴ እንዲህ ያለውን ሰዓቱን ሊሸጥ የወሰደው ከስፖርት መምህርነቱ እንደተባረረ ነበር።

«መምህር፣ ሞቷል እኮ!» አለ ነጋዴው እየሳቀ።

«ሲታዘዝ ነው የሚሄደው።» አባቴ ቁልፉን ሲጫነው ቆጣሪው ፈትለክ ብሎ ተነሣ።

«ታዲያ ከእንግዲህ ማንን ሊያስሮጡበት?»

«ሽጠውና እንሂድ» አለች እናቴ በሹክሹክታ።

አባቴ ሰዓቱን ከነጋዴው ፊት አንሥቶ መልሶ እጁ ላይ አሰረው። «ነገ ጧት ሜዳው ላይ ብቅ በልና እይ!»

በዚያ ዘመን መንግሥት ካባረረው ሰው ጋር መታየት ያስፈራ ነበር። እስከ ዛሬ ዝም ብያለሁ፤ አሁን ግን እጽፈዋለሁ፦ በማግስቱ ጧት ያሠለጥናቸው ከነበሩት አሥራ ሁለት ሯጮች አራቱ ሜዳው ላይ መጡ፤ ለአራቱም ሰዓት ያዘላቸው።