ሰንሰለት ላይ ሰንሰለት

ስትራቶስ በግሪኳ ፒሬየስ ከተማ ዕድሜውን ሙሉ አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ ሲወጣ፣ «ከእንግዲህ የነፋስ ሰው ነኝ» ብሎ አንዲት ያረጀች ባለ ሸራ ጀልባ ገዛ። እውነትም የነፋስ ሰው ሆነ፤ ስለ ነፋስ የማያወራበት ሰዓት የለም። ሸራውን ግን የሚሰቅለው ወደብ ሲቃረብና ቡና ቤቱ በረንዳ ላይ ተመልካች ሲኖር ብቻ ነው። ከደሴት ደሴት የሚያደርሰው የናፍጣ ሞተር ስሙ አይነሳም። ሚስቱ ኤቫንቲያ መልሕቅ ትጥላለች፣ መልሕቅ ታነሳለች፣ ገመድ ትወረውራለች፣ ሰርዲን ትጠብሳለች። እሱ ደግሞ ካፒቴን ነው።

አንድ ነገር ግን አይካድም። በእነዚያ ደሴቶች ጀልባ ሁሉ መልሕቁን ከፊቱ ጥሎ፣ ወደ ኋላ እያፈገፈገ ጀርባውን ለወደቡ ግንብ ሰጥቶ ነው የሚታሰረው። ነሐሴ ላይ ጀልባ ሲበዛ አንዱ በሌላው የመልሕቅ ሰንሰለት ላይ የራሱን መልሕቅ ይጥላል። የላይኛው ካልተነሳ የታችኛው አይነቃነቅምና ጠዋት ጠዋት ወደቡ ስድብ በስድብ ነው። ስትራቶስ በሰው ሰንሰለት ላይ ጥሎ አያውቅም፤ ይህንንም ላልጠየቀው ሁሉ አሳውቋል። ያጠላለፈ ምስኪን ባየ ቁጥር ከበረንዳው ሆኖ፣ «ጌታዬ፣ ሹራብ እየሠራህ ነው?» ይላል፤ በረንዳውም ይስቃል።

በየዓመቱ ነሐሴ ላይ ኪትኖስ ደሴት ከጓደኛው ከዮርዳኒስ ጋር ይገናኛል። ዮርዳኒስ ሚስቱ የሞተችበት፣ ጀልባውን ብቻውን የሚነዳ ጡረተኛ ፀጉር አስተካካይ ነው። አንድ ሳምንት ሙሉ ካርታ ይጫወታሉ፣ ኡዞ የሚሉትን አረቄ ይጠጣሉ፣ ይሰዳደባሉ። ናፍቆትን በሌላ መንገድ መናገር ሁለቱም አልተማሩም።

ዘንድሮ ዮርዳኒስ ስልክ ደወለ።

«ጀልባዋን ሸጥኳት» አለ። «ጉልበቴ እምቢ አለኝ። ልጄም ጀርመን ና፣ እኔ ጋ ኑር እያለች ነው። አንድ ማታ ኪትኖስ እንገናኝና ጠዋት ነፋሱ ሳይነሳ እወጣለሁ፤ ገዢው ላቭሪዮ ወደብ ላይ ይጠብቀኛል።»

«አንድ ማታ? ምነው ተቸገርክ! ከሩቅ እጅህን አወዛውዘህ አታልፍም?»

ስልኩን ዘግቶ ግማሽ ቀን ሞተሩን ሲሳደብ ዋለ።

«አልቅስና ይውጣልህ» አለችው ኤቫንቲያ።

«ለማን? ለዚያ ሽማግሌ? ይሂዳ!» አለ፤ ዓይኑ ግን ቀልቷል።

ኪትኖስ ሲደርሱ ዮርዳኒስ ቀድሞ ጀልባውን አስሮ ግንቡ ላይ ይጠብቃቸው ነበር። ከጎኑ ክፍት ቦታ ነበር። ስትራቶስ ጀልባውን አዞረና ከጓደኛው ጀልባ ፊት ለፊት አገደመ።

«እዚህ አይሆንም!» አለች ኤቫንቲያ ከፊት ሆና። «የዮርዳኒስ ሰንሰለት ላይ ነን!»

«አውቃለሁ። ጣይው።»

«ስትራቶስ!»

«ጣይው በቃ። እባክሽ።»

እባክሽ የሚለውን ቃል ከአፉ የሰማችበትን ጊዜ ለማስታወስ ሞክራ አቃታት። ጣለችው። ዮርዳኒስም ገመዳቸውን ተቀብሎ አሰረላቸው፤ ስትራቶስ በሰው ሰንሰለት ላይ ይጥላል ብሎ ማን ይጠረጥራል? ማታ ካርታ ተጫወቱ። ስትራቶስ ተሸነፈና አልተናደደም።

ጠዋት ዮርዳኒስ መልሕቁን ሊያነሳ ሲሞክር ሰንሰለቱ ተወጥሮ ቀረ። የበረንዳው ሰው ሁሉ ስኒውን እንደያዘ ወደ ግንቡ ወረደ። ሜልቴሚ የሚሉት የነሐሴ ነፋስ ከተራራው አናት ማፏጨት ጀምሯል፤ አንዴ ከተነሳ ትንሽ ጀልባ ለቀናት አያስወጣም። ስትራቶስ የራሱን መልሕቅ ሊያነሳ መነጽሩን ፈለገ፣ ጓንቱን ፈለገ፣ ያጠለቀውን ጓንት ደግሞ እንደገና ፈለገ።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አለች ኤቫንቲያ ለራሷ።

«ካፒቴን!» አለ አንዱ ከግንቡ። «ሹራብ እየሠራህ ነው?»

ወደቡ በሳቅ አውካካ። አውቶቡሱን ከግንብ ጋር ያጋጨ ቀን እንኳ ጥፋቱን በግንቡ ያሳበበው ሰው ፊቱ ቲማቲም መስሎ ቆመ።

«ተሳስቻለሁ» አለ። «እርጅና ነው።»

ዮርዳኒስ ከጀልባው ላይ ሆኖ ትክ ብሎ አየው። ይህ ሰው ተሳሳትኩ ሲል ሰምቶ አያውቅም።

«መቼ ይፈታል?» አለው።

«እንጃ። በዚህ ነፋስ ዛሬ ባንነካካው ነው የሚሻለው።»

«ነገስ?»

«ነገም ነፋስ አለ ይላሉ።»

ዮርዳኒስ ሞተሩን አጠፋ፤ ስልኩን አውጥቶ ገዢው ጋ ደወለ። «ይቅርታ ጌታዬ፣ በዚህ ሳምንት አልደርስም። አንድ ጀማሪ መልሕቁን ላዬ ላይ ጣለብኝ።»

ጀማሪ! ስትራቶስ ሌላ ቀን ቢሆን በዚህ ቃል ሰው ይደበድብ ነበር።

«ምንም የማይገባው ጀማሪ ነው በለው» አለ፣ ጓንቱን እያወለቀ።