የጡት ራጅ ክፍል ወንዶች

ካልጋሪ ውስጥ የጡት ራጅ ባለሙያ ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ቀን፣ ሱፐርቫይዘሬ ሊንዳ የቀጠሮ ዝርዝሩን ሰጠችኝና "ሦስተኛው ያንቺ ነው" አለችኝ። ወጥቼ ስሙን ስጠራ ከተቀመጡት ሴቶች መሃል አንድ ጢማም ሰውዬ ተነሳ። ስህተት መስሎኝ ወረቀቱን ደግሜ አየሁት።

ሊንዳ ወደ ጎን ወሰደችኝ። "ወንድም ጡት አለው። ያብጣል፣ ይታመማል። እንዳትስቂ፣ ከንፈርም እንዳትመጥጪ። ሥራሽን ሥሪ።"

ሥራው ጡቱን በማሽኑ ጠፍጣፋ ማስቀመጫና በላይኛው መጫኛ መሃል አስገብቶ መጫን፣ ትንፋሽ ማስያዝ፣ ምስሉን ማንሳት ነው። የወንድ ጡት ትንሽ ስለሆነ ከእጅ ያመልጣል። ከጡንቻው ጀምሮ በመዳፍ ወደፊት መሳብን በደንብ የቻልኩት ከዓመት በኋላ ነው። ምስሉን የሚያነበው ራዲዮሎጂስቱ፣ ማለትም የራጅ ሐኪሙ ነው። እኛ ለታካሚ "በሽታህ ይህ ነው" አንልም።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ብዙ ወንዶች አየሁ። አንዱ ከካልጋሪ አጠገብ ካለችው ከኮክረን ከተማ የሚመጣ አናጢ ነበር። ጡቱን ያሳበጠው ለልብ ድካም የሚወስደው ኪኒን ሆኖ ተገኘና ሐኪሙ ሲቀይርለት ሕመሙ ለቀቀው። ሌላው ጡንቻ ለማውጣት ሆርሞን ሲወጋ የኖረ ነው፤ መርፌውን ሲተው ሰውነቱ የራሱን ቴስቶስትሮን እንደገና እስኪሠራ ወራት ፈጀበት። ጉበቱ የተጎዳም፣ የዘር ፍሬው የታመመም መጥቷል። ካንሰር የተገኘባቸው በጣም ጥቂት ናቸው።

ከሁሉም የማልረሳቸው ጋሽ ሰይድን ነው። ስማቸውን ቀይሬዋለሁ፤ ታሪካቸውን እንድጽፍ ግን ፈቅደውልኛል። ስካይቪው ራንች የሚባል ሰፈር የሚኖሩ የወሎ ሰው ናቸው፣ ታክሲ ነጂ። በአማርኛ ሰላም ስላቸው ፊታቸው ጠቆረ።

"ሐበሻ ነሽ እንዴ?"

"አዎ።"

"እንግዲያው ሌላ ሰው ይሁንልኝ።"

"ከፈለጉ እጠራልዎታለሁ፣ ምንም አይደል። እኔ የማየው ግን ከዚህ በር አይወጣም።"

"ባለቤቴም አታውቅም" አሉ። "ስምንት ወር ሙሉ ካናቴራ ሳላወልቅ ነው የምተኛው።" ከዚያ ጃኬታቸውን ማውለቅ ጀመሩ።

ጋውኑን ለብሰው ሲመጡ ትከሻቸው ከበሩ ጠርዝ ጋር ተጋጨ። ወንበሩንም በእግራቸው መቱት። ክንዳቸውን ለማስተካከል ከጎን እጄን ስዘረጋ ክው ብለው ደነገጡ።

"እጄን አላዩትም?"

"የት ነበር?"

ምስሉን ጨርሼ አስቀመጥኳቸውና ሌላ ምን እንደሚሰማቸው ጠየቅኳቸው። ራሳቸውን ያማቸዋል። ታክሲውን በቀኝም በግራም አስጭረውታል፣ እርጅና ነው ብለው ትተውታል። በመጨረሻ ወለል ወለሉን እያዩ "ባልነቴም ከቀረ ዓመት አለፈው" አሉ።

ወደ ሊንዳ ሄጄ ያየሁትን ነገርኳት።

"ዓይኑ ከጡቱ ጋር ምን አገናኘው? ወረፋው እኮ ሞልቷል" አለችኝ።

"ሾፌር ናቸው፣ ሊንዳ። በጎን አያዩም።"

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "ጻፊው። ለራዲዮሎጂስቱም ሄደሽ በአፍሽ ንገሪው።"

ራዲዮሎጂስቱ ራሱ መጣ። ፊታቸው ቆሞ ጣቶቹን በሁለቱም ጎን አንቀሳቀሰ። ጋሽ ሰይድ ጣቶቹን ያዩት ወደ መሃል ሲመጡ ብቻ ነው። "ጡትዎ ላይ ካንሰር የሚመስል ነገር የለም" አላቸው። "ዓይንዎ ግን ዛሬውኑ መታየት አለበት። መኪና እንዳይነዱ።" ተረጎምኩላቸው።

"ሥራዬስ?" አሉኝ ወደ እኔ ዞረው። ባለቤታቸውን እንዲጠሩ ብቻ ለመንኳቸው።

ባለቤታቸው ዘሀራ ወደ ድንገተኛ ክፍል ልትወስዳቸው እየነዳች መጣች። ኮሪደሩ ላይ ሁሉንም ነገሯት። ድምጿ እኔ ያለሁበት ድረስ ተሰማኝ፤ "ለዚህ ነው የራቅኸኝ? እኔ እኮ ሌላ ሴት የያዝክ መስሎኝ ስንት ቀን አለቀስኩ!" ቀጥላም ሳቀች፣ እሳቸውም ሳቁ።

የሆነውን ያወቅኩት በኋላ ነው። ደማቸው ሲመረመር ቴስቶስትሮናቸው በጣም ዝቅ ብሎ ተገኘ። ኤም አር አይ ሲነሱ ደግሞ አንጎል ሥር ባለችው፣ ሆርሞኖችን በምታዝዘው ትንሽ ዕጢ ላይ ካንሰር ያልሆነ እብጠት ታየ። እብጠቱ የእናት ወተት የሚያመጣውን ሆርሞን እያበዛ የወንዱን አዳክሞታል፤ ጡታቸው ያደገው በዚህ ነው። ሲተልቅ ደግሞ የዓይን ነርቩን ተጭኖታል። ቀዶ ጥገና አላስፈለጋቸውም። በኪኒን እየሟሸሸ ሄደ።

በቀጣዩ በጋ ሁለቱም ሊያመሰግኑኝ መጡ። ጋሽ ሰይድ የዓይን ምርመራውን አልፈው መንጃ ፈቃዳቸው ተመልሶላቸዋል።

"ጡቱ ትንሽ ቀርቷል" አሉኝ ጋሽ ሰይድ።

"እኔ አልተቸገርኩበትም" አለች ዘሀራ።

ሊንዳ ከዚያ በኋላ በወንዶች መጠይቅ ላይ ራስ ምታትን፣ ዕይታንና የሚወስዱትን መድኃኒት የሚጠይቁ ሦስት መስመሮች አስጨመረች። አዲስ ባለሙያ ሳሠለጥን የምለው አጭር ነው። የወንድ ጡት ሲያብጥ፣ ወንድነቱም ሲደክም ምክንያት አለው፤ ብዙውም ይታከማል። ታካሚው አፍሮ የነገራችሁን ጻፉት። ይጠቅማል አይጠቅምም የሚለውን ሐኪሙ ይወስናል።